ለክላድ ፕሌት የሚፈቀደው ውጥረት፦ የመሠረት ብረቱን ነው ወይስ የክላዲንጉን የምንወስደው?

የስሌት ክፍል (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ። በአንድ የገልፍ አገር ፕሬዠር ቬሰል፣ ማለትም ግፊት የሚይዝ የብረት ጋን፣ በሚያመርት ወርክሾፕ ውስጥ በዲዛይን ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እስካሁን ያሰላኋቸው ቬሰሎች ሁሉ ከአንድ ዓይነት ብረት የተሠሩ ስለነበሩ፣ የሚፈቀደውን ውጥረት፣ በሥራ ላይ ስትረስ የምንለውን ማለቴ ነው፣ ከሠንጠረዥ አውጥቼ ቀመሩ ውስጥ ማስገባት ብቻ ይበቃኝ ነበር። አሁን የተሰጠኝ ሥራ ግን በክላድ ፕሌት የሚሠራ ነው። ውጪው ኤስ.ኤ-516 ግሬድ 70 ካርቦን ስቲል ሲሆን ውስጡ በ3 ሚሊሜትር 316ኤል ስቴንለስ የተለበጠ ነው፤ ይህን ልባጭ ነው ክላዲንግ የምንለው። የውስጥ ዲያሜትሩ 3,000 ሚሊሜትር፣ የዲዛይን ግፊቱ የፈሳሹን ክብደት ጨምሮ 2.0 ሜጋፓስካል፣ የዲዛይን ሙቀቱ 204 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 400 ዲግሪ ፋራናይት ነው። ብየዳው ሙሉ በሙሉ በራጅ ስለሚታይ የመጋጠሚያ ብቃቱን 1.0 አድርጌዋለሁ። የምንሠራበት ኮድ የኤ.ኤስ.ኤም.ኢ፣ ማለትም የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር፣ ክፍል 8 ዲቪዥን 1 ነው።

ችግሬ ይህ ነው፦ ለካርቦን ስቲሉ 138 ሜጋፓስካል፣ ለ316ኤሉ ደግሞ 108 ሜጋፓስካል ገደማ አገኘሁ። አንዱ ባልደረባዬ «ደካማውን ውሰድ» አለኝ፤ ሌላው «የሁለቱን አማካይ ውሰድ» አለኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ «ክላዲንጉን ከነጭራሹ እርሳው» ብሎኝ ሄደ። ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ በማግኘቴ ወደ እናንተ መጣሁ።

የማሽን ዲዛይን መምህር

ሦስቱም ባልደረቦችዎ ከእውነት አንዳንድ ቁራሽ ይዘዋል፤ ሆኖም ወደ ኮዱ የሚጠጋው ሦስተኛው ነው። ለክላድ ፕሌት የተለየ «የክላድ ውጥረት» የሚባል ቁጥር የለም። ጉዳዩ የሚገኘው «ዩ.ሲ.ኤል» በተባለው ምዕራፍ አንቀጽ 23 ላይ ሲሆን፣ ዋናው ሐሳቡ የሚፈቀደው ውጥረት ምንጊዜም የመሠረት ብረቱ ነው የሚል ነው። የሚለዋወጠው ውጥረቱ ሳይሆን በስሌት የሚቆጠረው ውፍረት ነው።

አንቀጹ ሦስት ሁኔታዎችን ይለያል። የመጀመሪያው ላይነር ነው፤ ይህ እንደ ኮት ገበር ከውስጥ የገባ፣ ከብረቱ ጋር አንድ አካል ያልሆነ ስስ ላሜራ ስለሆነ ከጥንካሬ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ሁለተኛው በፋብሪካ በመዳመጥ ወይም በፍንዳታ ከመሠረት ብረቱ ጋር የተዋሐደ ክላድ ሆኖ፣ ዲዛይነሩ ክላዲንጉን ለመቁጠር ያልፈለገበት ነው። እዚህ ላይ ከጠቅላላው ውፍረት በትዕዛዙ ላይ የተጠቀሰው የክላዲንጉ ውፍረት ተቀንሶ በቀረው ብቻ ይሰላል። ሦስተኛው ክላዲንጉም ጭነት እንዲሸከም የሚቆጠርበት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የመሠረት ብረቱ ውፍረት ላይ የክላዲንጉ ውፍረት በሁለቱ ውጥረቶች ንጽጽር ተባዝቶ ይደመራል። በእርስዎ ቁጥሮች 108 ለ138 ሲካፈል 0.78 ገደማ ስለሚሆን፣ 3 ሚሊሜትሩ ክላዲንግ እንደ 2.35 ሚሊሜትር ካርቦን ስቲል ይቆጠራል ማለት ነው። በዝገት ለመበላት ተብሎ የተተወ ውፍረት ካለ ግን ከማባዛትዎ በፊት መቀነስ አለበት።

የስሌት ክፍል (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሁለቱም ብረቶች በሠርተፊኬታቸው ላይ ዝቅተኛ የመበጠስ ጥንካሬያቸው 485 ሜጋፓስካል ነው የሚለው። እኩል ጥንካሬ ያላቸው ብረቶች የሚፈቀደው ውጥረታቸው ለምን ይለያያል?

የማሽን ዲዛይን መምህር

የሚፈቀደው ውጥረት ከአንድ ቁጥር ብቻ ስለማይወጣ ነው። የመበጠሻው ጥንካሬ ለ3.5 ይካፈላል፣ ብረቱ ሳይመለስ መለጠጥ የሚጀምርበት ጥንካሬ፣ ዪልድ የምንለው፣ በሁለት ሦስተኛ ይባዛል፣ በከፍተኛ ሙቀት ደግሞ የክሪፕ፣ ማለትም ብረቱ በጭነት ሥር ቀስ በቀስ የመለጠጡ፣ መመዘኛዎች ይጨመራሉ፤ ከነዚህ ሁሉ ትንሹ ይወሰዳል። ለግሬድ 70 ዪልዱ 260 ሜጋፓስካል ስለሆነ ሁለት ሦስተኛው 173 ይደርሳል፤ ስለዚህ ወሳኙ 485 ለ3.5 ሲካፈል የሚገኘው 138 ነው። የ316ኤል ዪልድ ግን በክፍል ሙቀት ገና 170 ሜጋፓስካል ብቻ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። ስለዚህ እዚያ ወሳኙ ዪልዱ ነው። (በነገራችን ላይ ይህ 3.5 ቀድሞ 4 ነበር፤ የተለወጠው በ1999 በወጣው ማሻሻያ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቬሰል የድሮ ስሌት እጃችሁ ከገባ የውጥረቱ ቁጥር አንሶ ብታዩት አትደናገጡ።)

ስለ አማካዩም አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ማለትም 123 መውሰድ፣ ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ 22 ሚሊሜትር ብረትና 3 ሚሊሜትር ብረት በእኩል ድምፅ አይወስኑም። በውፍረታቸው መጠን የተመዘነ አማካይ ወስዶ በጠቅላላው ውፍረት ቢያሰሉ ግን የሚሸከሙት ጭነት ኮዱ ከሚሰጠው ጋር እኩል ይወጣል፤ 22 በ138 እና 3 በ108 ተባዝተው ከተደመሩ በኋላ ለ138 ሲካፈሉ ተመልሶ 22 ሲደመር 2.35 ነውና። ነገሩ የሚፈርሰው ክላዲንጉ ከመሠረት ብረቱ ሲጠነክር ነው። ለምሳሌ አሎይ 625 የተባለ የኒኬል ቅይጥ የተለበጠ ፕሌት ላይ የክላዲንጉ የሚፈቀድ ውጥረት ከካርቦን ስቲሉ ይበልጣል፤ ኮዱ ግን በዚህ ጊዜ ንጽጽሩ ከ1 እንዳያልፍ ይከለክላል። በአማካይ የሚሄድ ሰው ያልተፈቀደለትን ጥንካሬ ሳያውቅ ይበላል።

ኢንስፔክተር ከሂውስተን

ሰላም ለሁላችሁ። መምህሩ ያሉት በሙሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ጠያቂው 108 የሚለውን ቁጥር ከየት እንዳወጡት መጠየቅ እፈልጋለሁ። በኮዱ ክፍል 2 ሠንጠረዥ ውስጥ 316ኤል በሁለት ረድፍ ነው የተቀመጠው። በ400 ፋራናይት ከፍተኛው ረድፍ 15.7 ኪሎ ፓውንድ በካሬ ኢንች ይሰጣል፤ ይህ የእርስዎ 108 ሜጋፓስካል ነው። ዝቅተኛው ረድፍ ግን 11.7፣ ማለትም 81 ሜጋፓስካል ገደማ ይሰጣል። ከፍተኛው ረድፍ በዚያ ሙቀት ካለው ዪልድ እስከ 90 በመቶ ድረስ እንዲኬድ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ከግርጌው ያለው ማስታወሻ መጠነኛ ቅርጸ ለውጥ ችግር በማያመጣበት ቦታ ብቻ እንዲሠራበት ያሳስባል። ለፍላንጅ፣ ማለትም በብሎን ለሚታሰር መጋጠሚያ፣ የማይመከረውም ለዚሁ ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንየው። ክላዲንጉ ሲቆጠር ራዲየሱ 1,500 ሚሊሜትር ነው፤ ግፊት በራዲየስ ተባዝቶ፣ ከውጥረቱ ላይ የግፊቱ 0.6 ተቀንሶ በቀረው ሲካፈል፣ 3,000 ለ136.8፣ ማለትም 21.93 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። በከፍተኛው ረድፍ ክላዲንጉ 2.35 ስለሚያበረክት ለመሠረት ብረቱ 19.58 ይቀራል፤ 20 ሚሊሜትር ፕሌት ይበቃል ማለት ነው። በዝቅተኛው ረድፍ ግን 3 ሚሊሜትሩ የሚያበረክተው 1.76 ብቻ ነው፤ የሚቀረው 20.17 ስለሚሆን 20 ሚሊሜትሩ ለጥቂት ወደቀ፤ አቅራቢው የሚይዘው ቀጣይ ውፍረት 22 ከሆነ ክላዲንጉን መቁጠርዎ ምንም አላተረፈም። ሙሉው ትርፍ ያለው በረድፉ ምርጫ ላይ ነው እንጂ በክላዲንጉ ላይ አይደለም። እኔ ስሌት ስገመግም መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

የስሌት ክፍል (ጠያቂ)

እውነቱን ለመናገር ሁለት ረድፍ መኖሩን ያየሁት አሁን እርስዎ ሲሉኝ ነው፤ የምንጠቀምበት ሶፍትዌር አንዱን ራሱ መርጦ አስቀምጦት ነበር። የትኛውን ይመክሩኛል?

ኢንስፔክተር ከሂውስተን

ኮዱ ለሼል፣ ማለትም ለቬሰሉ ሲሊንደር አካል፣ ከፍተኛውን ረድፍ አይከለክልም። በእኔ አስተያየት ግን ለክላዲንግ ዝቅተኛው ይሻላል፤ ምክንያቱን የብየዳ ሰዎች ወይም መምህሩ ያብራሩት።

የማሽን ዲዛይን መምህር

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ካርቦን ስቲል በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሊዮን 12 ገደማ ሲሰፋ፣ 316ኤልን የመሰለ ኦስቴኒቲክ ስቴንለስ ከ16 በላይ ይሰፋል። ቬሰሉ ከክፍል ሙቀት ወደ 204 ዲግሪ ሲወጣ ክላዲንጉ መስፋት ይፈልጋል፣ ወፍራሙ ካርቦን ስቲል ግን ጨምቆ ይይዘዋል። ከዜሮ ውጥረት ተነሥተን ብናሰላው በአንድ አቅጣጫ ብቻ 150 ሜጋፓስካል ገደማ የመጨመቅ ውጥረት ይፈጠራል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ተይዞ ሳለ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። በዚያ ሙቀት የ316ኤል ዪልድ ደግሞ 120 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። እንግዲህ ገና ግፊቱ ሥራውን ሳይጀምር ክላዲንጉ ዪልዱን ነክቶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ውጥረት ራሱን የሚገድብ ስለሆነ ቬሰሉን አያፈነዳም፤ በዲቪዥን 1 የውፍረት ቀመር ውስጥም አይገባም። ቢሆንም «ክላዲንጉ 108 ሜጋፓስካል ተሸክሞ ተረጋግቶ ተቀምጧል» የሚለው ሥዕል የወረቀት ሥዕል መሆኑን ያሳያል። በቀን ብዙ ጊዜ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ቬሰል ከሆነ ጉዳዩ የድካም፣ ማለትም በጭነት መደጋገም የሚመጣ መሰንጠቅ፣ ስሌት ይሆናልና በኮዱ ዲቪዥን 2 መንገድ መታየት ይኖርበታል።

ብየዳ ቤት

እኔ የወርክሾፕ ሰው ነኝ፤ ስለ ሒሳቡ ከእናንተ ጋር አልከራከርም። ነገር ግን ክላዲንጉ ይቆጠር ሲባል ወረቀት ላይ የማይታይ ሥራ እንዳለው መናገር እፈልጋለሁ።

ፕሌቱ ሲገጣጠም ከዳርና ዳሩ ክላዲንጉ ተፍቆ ይነሣል፣ ካርቦን ስቲሉ በካርቦን ስቲል ኤሌክትሮድ ይበየዳል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ማገናኛ የሚሆን 309ኤል ዓይነት፣ ለ316ኤል ከሆነ ሞሊብዲነም ያለበት፣ ይደረግና በመጨረሻ 316ኤል ይለበጥበታል። ክላዲንጉ ከሥሩ ተፍቆ ማለቁን የምናውቀው በኮፐር ሰልፌት ነው። ሰማያዊውን ውሃ በጨርቅ ስትቀቡት ካርቦን ስቲሉ ወዲያው የመዳብ መልክ ይይዛል፤ ስቴንለስ የቀረበት ቦታ ግን እንደ ነጣ ይቀራል። አንድ ጊዜ ይህን ሳያይ የበየደ ልጅ በመጀመሪያው ንብርብር ላይ ስንጥቅ አምጥቶብን ግማሽ ሜትር መጋጠሚያ ፈልፍለን አውጥተናል፤ የካርቦን ስቲሉ ብየዳ ከቀረው ስቴንለስ ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ይሆናልና።

ክላዲንጉን የሚቆጥር ዲዛይን ሲሆን ይህ በመጋጠሚያው ላይ ክላዲንጉን መልሶ መሙላት ውበት ወይም የዝገት መከላከያ ብቻ ሳይሆን የኮድ ግዴታ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ውስጡ ተቧጥጦ ቢገኝ፣ ያልተቆጠረ ክላዲንግ ከሆነ የጥገናው ጉዳይ የዝገት ጉዳይ ነው፤ የተቆጠረ ከሆነ ግን ግፊት የሚሸከም አካል ተጎድቷል ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ይህን ልዩነት የሚያውቁት ኢንስፔክተሩ ሥራ ሲያስቆም ነው።

ኢንስፔክተር ከሂውስተን

የብየዳ ቤቱ ወንድማችን የተናገሩት ላይ ስለ ሠርተፊኬት አንድ ነገር ልጨምር። ክላዲንጉ በስሌት የሚቆጠር ከሆነ ፕሌቱ ከኤስ.ኤ-263፣ 264 ወይም 265 አንዱን ማሟላት አለበት፤ ለ316ኤል የሚመለከተው 264 ነው። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ፕሌት የመላጥ ፈተና፣ ሺር ቴስት የምንለው፣ ተደርጎበት በትንሹ 140 ሜጋፓስካል መያዙ በሠርተፊኬቱ ላይ መታየት አለበት። በብየዳ ለተለበጠ ይህ ፈተና አይጠየቅም፤ በመዳመጥ ወይም በፍንዳታ ለተጣበቀ ግን ግዴታ ነው። ከክላዲንጉ የተወሰነው ለመበላት የተተወ ከሆነ ደግሞ የመጎተት ፈተናው ከመደረጉ በፊት ያ ክፍል ከናሙናው ላይ ይነሣል።

ከዓመታት በፊት በገመገምኩት አንድ ሥራ ላይ ዲዛይነሩ ክላዲንጉን ቆጥሮ አሰላ፤ የግዢ ክፍሉ ደግሞ ፕሌቱን ሲያዝ ሺር ቴስት የሚለውን መስመር አላስገባም። ጉዳዩን ያወቅነው ሼሉ ተጠቅልሎ ከተበየደ በኋላ ነው። ቁርጥራጮቹ ሁሉ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ስለተሸጡ ናሙና የሚቆረጥበት ነገር አልተገኘም። መጨረሻው ክላዲንጉን ከስሌቱ አውጥቶ የቬሰሉን የሥራ ግፊት ዝቅ ማድረግ ሆነ፤ ደንበኛው ምን እንዳለ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

የውጭ አንባቢ

ውይይቱን በጽሞና ስከታተል ነበር። አንድ ነገር ልቃወም፦ ክላዲንግን እንዲህ አሳንሶ ማየት ተገቢ አይመስለኝም። በ2002 ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ-ቤሲ በተባለው የኑክሌር ማመንጫ የሪአክተሩ ክዳን ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከ15 ሳንቲሜትር በላይ ውፍረት ያለውን የካርቦን ስቲል ክዳን ቦሪክ አሲድ በልቶት፣ የ150 ባር አካባቢ ግፊት ይዞ የነበረው ከአንድ ሳንቲሜትር የማይበልጥ የስቴንለስ ክላዲንግ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ አልፈነዳም። ክላዲንግ እንዲህ ከያዘ ለምን አይቆጠርም?

ኢንስፔክተር ከሂውስተን

ምሳሌው እውነት ነው፤ የሚያስተምረው ግን የተገላቢጦሹን ነው። የኑክሌር ቬሰሎች የሚሠሩበት ክፍል 3 ለክላዲንግ ምንም የመሸከም ጥንካሬ አይሰጥም። ያ ክላዲንግ በማንም ስሌት ውስጥ አልነበረም፤ የያዘው በትርፍነቱ ነው፤ ያውም ወደ ውጭ ማበጥ ጀምሮ ነበር። ስቴንለስ ሳይበጠስ ብዙ የሚለጠጥ ብረት ስለሆነ ያተረፋቸው ይህ ባሕርዩ ነው። እኛ ያንን ትርፍ ከመነሻው ቆጥረን የመሠረት ብረቱን ካሳነስን ለክፉ ቀን የሚተርፍ አይኖርም። ዲቪዥን 1 መቁጠርን ይፈቅዳል፤ እኔም የተፈቀደን አልከለክልም። ብቻ የሚቆጠረው ነገር ምን ያህል እንደሚያተርፍ አስቀድሞ ይታይ።

የማሽን ዲዛይን መምህር

እንግዲያው እናስላው። ጠያቂው የሼሉን ርዝመት አልነገሩንም፤ 10 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው ከ9.4 ሜትር በላይ ስለሆነ ስፋቱ ወደ 94 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ከ22 ወደ 20 ሚሊሜትር ብንወርድ የምናተርፈው 1.5 ቶን ገደማ ካርቦን ስቲል ነው። ይህ ገንዘብ ነው፤ የለም አይባልም። በሌላው ሚዛን ላይ ግን የእያንዳንዱ ፕሌት የመላጥ ፈተና፣ ጥብቅ የክላዲንግ ውፍረት ቁጥጥር፣ ከዚያ በኋላ ባለው የአገልግሎት ዘመን ሁሉ ለእያንዳንዱ ጭረት የሚጠየቅ ስሌት አለ። ግፊቱ በጣም ከፍ ሲል ነገሩ ይበልጥ ይገርማል፤ መሠረት ብረቱ 100 ሚሊሜትር ከሆነ ከ3 ሚሊሜትር ክላዲንግ የሚገኘው ድርሻ ከመቶ ሁለት እጅ ጥቂት ይበልጣል። ክላዲንጉ ድርሻው ጎላ የሚለው በስስ ቬሰሎች ላይ ነው፤ እነሱ ላይ ደግሞ ቀድሞውኑ የሚተርፈው ብረት ትንሽ ነው።

ብየዳ ቤት

አመሰግናለሁ መምህር። ይህን ለአለቃዬ አትሜ እሰጠዋለሁ።

የስሌት ክፍል (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከዋና መሐንዲሳችን ጋር ተነጋግረን ክላዲንጉን ላለመቁጠር ወስነናል። ውጥረቱ የመሠረት ብረቱ 138 ሜጋፓስካል ነው፤ የመሠረት ብረቱ ውፍረት 22 ሚሊሜትር፣ በላዩ 3 ሚሊሜትር 316ኤል፤ ክላዲንጉ በሙሉ ለመበላት የተተወ ነው። የሚያስፈልገው 21.93 ስለሆነ 22 ይበቃናል።

ኢንስፔክተር ከሂውስተን

ውሳኔው ጥሩ ነው፤ ቁጥሩን ግን ያስተካክሉ። ክላዲንጉን ካልቆጠሩት ግፊቱ የሚሠራበት የመሠረት ብረት የሚጀምረው ከክላዲንጉ ጀርባ ነው፤ ስለዚህ ራዲየሱ 1,500 ሳይሆን 1,503 ነው። 3,006 ለ136.8 ሲካፈል 21.97 ይመጣል። አሁንም 22 ያልፋል፤ የተረፈዎት ግን 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ኮዱ ለፕሌት አምራቹ ስስነት እስከ 0.25 ሚሊሜትር ድረስ ስለሚታገሥ ለሼሉ ችግር የለውም። ሄዶቹ፣ ማለትም የቬሰሉ ጫፍ ክዳኖች፣ ግን ሲቀረጹ ስለሚሳሱ ከ22 ሚሊሜትር ፕሌት እንዳያዟቸው። ከተቀረጹም በኋላ አልትራሳውንዱ የሚያሳየዎት አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱን ብረት ድምር ነውና፣ የክላዲንጉን ውፍረት በማግኔት መለኪያ ለብቻው ለክተው ይቀንሱ።